ያልተከፈተው በርሜል

«እኔስ የታለሁ?» አሉ አያቷ።

ሚጡ ከወረቀቱ ቀና አለች። ጮክ ብላ ስታነብላቸው ገና ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነበረች። ነገ ተሸላሚዋ የኬሚካል ኢንጂነር፣ የገዛ አክስቷ፣ ትምህርት ቤታቸው ትመጣለች፤ የሕይወት ታሪኳን መድረክ ላይ እንድታነብ የተመረጠችው ደግሞ ሚጡ ናት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ የሥራ ታሪክ ነው።»

«‹ጉዟቸው የተጀመረው በዩኒቨርሲቲ ነው› አላልሽም? ዩኒቨርሲቲው ነው እንዴ ያማጠው? ዘጠኝ ወር የተሸከምኳት እኔ፣ ሃያ ሁለት ዓመት የሳሙና ድስት አማስዬ ያስተማርኳት እኔ! አንዲት መስመር ነፈጋችሁኝ? ማንበብ አልችልም እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም።»

እውነታቸውን ነው። ጆሯቸው እንደ ምላሳቸው ስል ነው። ወረቀቱን የጻፈው ዳይሬክተሩ ነበር፤ ከሽልማቱ መጽሔት ገልብጦ፣ «አንዲት ፊደል እንዳትነኪ» ብሎ ሰጣት። ዲግሪው አለ፣ የማቅለሚያ ፋብሪካዎችን ፍሳሽ የሚያጠራው ፈጠራ አለ፣ ሜዳሊያው አለ። ሰው ብቻ የለበትም።

እውነት ለመናገር ለሚጡም ተመችቷታል። ተሸላሚ አክስት አሪፍ ነው። ሳሙና የምታማስል አያት ግን... ልጆቹ ሙድ ይይዙብኛል ብላ ፈርታለች፤ ይህንን ለእማማ አልነገረችም እንጂ።

«ለመሆኑ ስለ በርሜሉ ጽፏል?»

«የምን በርሜል?»

«ኤድያ! ታዲያ ምኑን ጻፈው?» እማማ ወንበራቸውን አስጠጉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አክስቷ ተመርቃ ሥራ የጀመረችው እናቷ በሚያማስሉበት በዚያው የሳሙና ፋብሪካ ነበር። በሦስተኛ ወሯ አሥር በርሜል መጣ። ላዩ ላይ «የኮኮናት ዘይት» ይላል። ወጣቷ ኢንጂነር ጽሑፉን አነበበች፤ ዘይቱን ወደ ሳሙና የሚለውጠውን ኮስቲክ ሶዳ ለኮኮናት በሚበቃው ልክ አስልታ አዘዘች።

«እኔ ማንበብ ስለማልችል ክዳኑን ከፍቼ አሸተትኩት» አሉ እማማ። «ሞራ! ድፍን ሞራ! ሞራ ደግሞ ያን ያህል ሶዳ አይፈልግም፤ ከበዛበት ሳሙናው ቆዳ ይልጣል። ነገርኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? በሠራተኛው ሁሉ ፊት፣ ‹እማዬ፣ እዚህ ኢንጂነሯ እኔ ነኝ!›»

«ውይ! ከዚያስ?»

«ከዚያማ ድስቱ ፈላ። ቅንጣት አውጥቼ በምላሴ ጫፍ ነካሁት። ንብ የነደፈኝ ነው የመሰለኝ!»

ሚጡ ሳቋ አመለጣት። እማማ ግን አልሳቁም።

«ሥራ አስኪያጁ እየጮኸ መጣ። ‹ሶዳውን ያበዛችው ይቺ መሃይም ናት! ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ግቢ እንዳላያት!› አለ። እኔ ሽርጤን ፈታሁ። ልጄን ላጋልጣት ኖሯል? እሷ ግን ወደ ፊት ወጣች። ‹እናቴ ነግራኝ ነበር፤ አልሰማኋትም። ጥፋቱ የኔ ነው› አለች። ከዚያ እሷ እያሰላች፣ እኔ እየቀመስኩ፣ ሞራ ስንጨምር ውለን ሳሙናው መንደፉን ተወ።»

እማማ ነጠላቸውን አስተካከሉ።

«ከዚያ ወዲህ ክዳን ሳትከፍት ያመነችው ወረቀት የለም። ይሄ ፍሳሽ ማጣሪያ የምትሉትስ? ፋብሪካዎቹ ‹ውኃችን ውስጥ ያለው ይሄ ነው› ብለው የሰጧትን ወረቀት ትታ፣ ራሷ ቱቦው ሥር ተንበርክካ እየቀዳች አይደል የደረሰችበት? ሜዳሊያው ለእናንተ ይሁን። እኔ የኮራሁት ‹ጥፋቱ የኔ ነው› ያለች ቀን ነው።»

«ግን እማማ፣ ስድስት መቶ ተማሪ ፊት አክስቴ አታፍርም?»

«ራሷ ባደባባይ በተናገረችው ምን ያሳፍራታል? አንቺ ነሽ ያፈርሽው።»



በማግስቱ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ኢንጂነሯ ከፊት፣ ከዳይሬክተሩ ጎን ተቀምጣለች። እማማን አንድ አስተናጋጅ «የፊቱ ለክብር እንግዶች ነው» ብሎ መጨረሻው ረድፍ ላይ አስቀምጧቸዋል።

ሚጡ ማይኩ ፊት ቆመች። «ጉዟቸው የተጀመረው...» የሚለውን በዓይኗ አየችው። ወረቀቱን ለሁለት አጠፈችና ኪሷ ከተተችው።

«አክስቴ ኢንጂነር በሆነች በሦስተኛ ወሯ» አለች፣ «አንድ ትልቅ ድስት ሳሙና አበላሽታለች።»

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ኢንጂነሯ አፏን በእጇ ያዘች፤ ከዚያ ዞር ብላ የኋላውን ረድፍ በዓይኗ ትፈልግ ጀመር። ትስቃለች፤ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቷል።

«እንደምትሳሳት አስቀድመው የነገሯት ድስቱን የሚያማስሉት እናቷ ነበሩ። እሳቸው...» ሚጡ ወደ መጨረሻው ረድፍ ጠቆመች። «እሳቸው አያቴ ናቸው።»

ዳይሬክተሩ ፊቱ ቀልቶ ተነሣ። «ወረቀቱን! ወረቀቱን አንብቢ!» እያለ ወደ ማይኩ ተራመደ።

ያኔ ከመጨረሻው ረድፍ አንዲት አሮጊት ብድግ አሉ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቁጭ በል! ልጅቷ ገና አልጨረሰችም!»