ያማል ወይ

«ተነስ እንግዲህ፤ ርገጠው» አሉ ወጌሻው እጅጉ፣ ከክንፈሚካኤል ቅልጥም ላይ የፈቱትን የቀርከሃ ስንጥር ወደ ጎን እየገፉ።

ክንፈሚካኤል አልተነሳም። እግሩ ቀጥኖና ገርጥቶ የሌላ ሰው እግር መስሎታል። ክረምቱን ሙሉ ይህችን ቀን ሲናፍቅ ከርሞ አሁን ስትመጣ ፈራት። እስካልረገጠው ድረስ እኮ እግሩ ድኖ ሊሆን ይችላል።

ለፍኖተ ሰላም ልጆች ክንፌ ማለት ሩጫ ነበር። የሮምን የማራቶን ድል በሬዲዮ ከሰሙ ወዲህ የማይሮጥ ልጅ አልነበረም፤ እሱ ግን ሁሉንም ጥሎ ይሄዳል። ደብረ ማርቆስ ላይ በተማሪዎች ውድድር አንደኛ ሲወጣ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መቶ አለቃ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ «ስምንተኛን ስትጨርስ እኛ ዘንድ ና፤ ወታደርም ሯጭም ትሆናለህ» አለው። እናቱ አቻምየለሽ ይህን ያልነገረችው ጎረቤት የለም። እሱም ሌላ ነገር እሆናለሁ ብሎ አስቦ አያውቅም። ታዲያ ምን ያደርጋል፣ ጉራውም ከሩጫው አያንስም ነበር። ከቡሬ የሚመጣውን አውቶቡስ ዳገቱ ላይ ካልቀደምኩ ብሎ ሲሮጥ ጠጠሩ አንሸራተተውና ቅልጥሙ ተሰበረ።

እንደምንም ተነስቶ ረገጠ። ጥቂት እንደተራመደ ቁርጭምጭሚቱ አልታጠፍ አለው፤ የቤቱን ምሰሶ ይዞ ቆመ።

እጅጉ አረማመዱን አዩ።

«እውነቱን ልንገርህ ልጄ። ትሄድበታለህ፤ ታርስበታለህ፤ ዳገትም ትወጣበታለህ። ለሩጫ ግን አይሆንህም።»

ክንፌ ለእናቱ ምን ይላታል? «ሯጩ» እያለ የሚጠራው የሰፈር ሰው ሁሉ ከእንግዲህ ምን ብሎ ሊጠራው ነው? ሩጫው ከተወሰደ በኋላ የሚቀረውን ልጅ እሱ ራሱ አያውቀውም። ከእግሩ ሕመም ይልቅ ያስፈራው ይህ ነበር።

ክንፌ ምሰሶውን ገና ሳይለቅ፣ ወልደ ሥላሴ የሚባል የቋሪት ገበሬ ልጁን አቅፎ ገባ። እናኑ ትባላለች፤ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው። ከሾላ ዛፍ ወድቃ ክንዷ መሀሉ ላይ ጎብጧል። አታለቅስም፤ ዓይኗ ብቻ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው ይቅበዘበዛል።

እጅጉ ክንዷን ዳሰሱና ሳይውል ሳያድር መሳብ አለበት አሉ። ሁልጊዜ በሽተኛ የሚይዝላቸው ልጃቸው ግን ቡሬ ገበያ ወርዷል። አባትየውን ቢጠይቁት እሷ ስትጮህ እለቃታለሁ፣ ተዉኝ ብሎ ለመናቸው። ወጌሻው ዞር አሉ።

«ክንፌ፣ ና ክንዷን ከላይ ያዝልኝ።»

ሊሸሽ ፈለገ፤ መሮጥ እንደማይችል ትዝ አለው። እያነከሰ ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ።

የወጌሻ ቤት ደንብ አለው። ሰውነቱን አደንድኖ እንዳይጠብቅ በሽተኛው ምንም አይነገረውም። ስለ ከብቱ፣ ስለ አዝመራው ይጠይቁትና መልስ ሲጀምር ስብ ያደርጉታል። ክንፌንም «አውቶቡሱ ስንት ሰው ጭኖ ነበር?» ብለውት ሊመልስ ሲል ነው ዓለም የዞረበት። ከዚያ ወዲህ ሰው በደግ ቃል ሲጠይቀው እንኳ እግሩ ይሸማቀቃል።

እናኑ ቀና ብላ አየችው።

«ያማል ወይ?»

እጅጉ በቅንድባቸው ከለከሉት። ክንፌ ደንቡንም ምክንያቱንም ያውቃል። እውነቱን ስትሰማ ክንዷ ቢደነድን፣ አጥንቱ በእሱ ምላስ ምክንያት ጠምሞ ሊቀር ነው። «አያምም» ቢላት ደግሞ እሱ እንደተታለለ ሊያታልላት ነው።

«ያማል» አላት። «እኔ ጮኼያለሁ። አንችም ጩኺ፤ ማንም አይቆጣሽም። መቼ እንደሆነ ግን አልነግርሽም። ክንድሽን አታደንድኝው፤ እኔ ይዠልሻለሁ።»

ልጅቷ ለጥቂት ጊዜ ዓይኑን ዓይኑን አየችው። ከዚያ ትንፋሿን ለቀቀች፤ ክንዷም በመዳፉ ውስጥ እየከበደ መጣ። ያኔ እጅጉ ምንም ሳይጠይቁ ሳቡት።

ክንፌ የአጥንቱን ድምፅ ሰማ። እሷ ስትጮህ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ሁሉም ነገር ጸጥ ሲል ወደ ታች ቢያይ እጆቹ እንደያዙ ናቸው።

እጅጉ ክንዷን በቅቤ አሽተው፣ በስንጥርና በጨርቅ ጠቅልለው ሲጨርሱ ወደ ውጭ ጠሩት። ክንፌ ቁጣ ጠበቀ።

«እንዲያ አይባልም ነበር» አሉ። «እኔ ብላት ኖሮ ግን አታምነኝም ነበር። አንተን እግርህን አይታ አመነችህ። ነገ ከጅጋ ዳሌው የወለቀ ሰው ይመጣል፤ እሱን አንድ ሰው ብቻውን አይዘውም።»

«እኔ እኮ እፈራለሁ አያ እጅጉ።»

«አይቻለሁ። ፈርተህም ቢሆን ና» ብለውት ተመልሰው ገቡ።

እናቱ ከአጥሩ ውጭ እየጠበቀችው ነበር። ገና ስታየው ነጠላዋን እያስተካከለች ቀረበች። ያለ ድጋፍ ስለቆመ ፊቷ በርቷል፤ ለመቶ አለቃው መቼ ይላክበት ብላ ጠየቀችው። ጥቂት ቀን ይቆይ ቢላት ዛሬን ያልፋል፤ ነገም ሌላ ጥቂት ቀን ሊጨምርበት ይችላል። ቃሉ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶለት ነበር። ዋጠው።

«እግሬ ለሩጫ አይሆንም፣ እማዬ።»

አቻምየለሽ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። ዓይኗ እግሩ ላይ ቀረ። መንገዱን አብረው ጀመሩት፤ እሷም እርምጃዋን በእሱ ማነከስ ልክ አዘገየችው።

ቤታቸው ሊደርሱ ሲሉ ክንፌ ቆመ።

«ነገ በማለዳ ቀስቅሽኝ» አላት። «አያ እጅጉ ዘንድ በሽተኛ እይዛለሁ።»