ከመጋረጃው ጀርባ የመጣ ትንፋሽ

ዶክተር ኢዮላንዳ በጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤት የሙከራ ክፍል ውስጥ መጋረጃው ሥር ተዘርራለች። ጭንቅላቷን የፈረከሰው የብረት በርጩማ ደም እንደለበሰ አጠገቧ ወድቋል። ኢንስፔክተር ጁሬማ የሟችን ቀኝ እጅ አነሳች፤ የጣቶቿ አንጓ በጥርስ ተሰንጥቋል።

«ዝም ብላ አልሞተችም። ገዳይዋን አፉ ላይ በቡጢ ብላዋለች» አለች።

ፖሊሱ ጄኔዚዮ ግን ማንጎ ሻጯን ኔውዛን በካቴና አስሯታል። ሟችን ደግፋ ስታነሳ ቀሚሷ ደም ነክቶታል።

«የኔ እመቤት፣ ልጄ ገና ጡት አልጣለችም» አለች ኔውዛ። «እዚህ ሬሲፌ ከተማ እስር ቤት የገባ ድሃ መቼ ይወጣል?»

የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ዚንክ ያለበት የጥርስ ሳሙና መጥፎ የአፍ ጠረን ይቀንስ እንደሆነ እየሞከረ ነበር። ፈቃደኞቹ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው በቱቦ ይተነፍሳሉ፤ ኢዮላንዳና ዶክተር ኤቬራልዶ አሽትተው ነጥብ ይሰጣሉ። በሙከራው ጠዋት ተሞካሪም አሽታችም ጥርሱን አይቦርሽም። ዛሬ ከሟች ጋር የነበሩት ሁለቱ ፈቃደኞች፣ ኔውዛና ጡረተኛው ሾፌር ቶቢያስ፣ እንዲሁም ኤቬራልዶ ብቻ ናቸው።

«ዶክተሮቹ ይስማሙ ነበር?» ስትል ጁሬማ ጠየቀች።

«አፍንጫቸው አይስማማም» አለ ቶቢያስ። «ባለፈው ሳርዲን በነጭ ሽንኩርት በልቼ መጣሁ። እሷ ልትወድቅ ምንም አልቀራት፤ እሱ ‹ንጹሕ ነው› አለኝ። ሚስቴ እንዲህ ያለ አፍንጫ ቢኖራት ኖሮ ባልተጨቃጨቅን። ትናንት ደግሞ ‹ነገ ለኃላፊው እናገራለሁ› ስትለው ሰማሁ።»

ጁሬማ ሦስቱን ከመጋረጃው ጀርባ በየተራ አስተነፈሰቻቸው። የመጀመሪያው ትንፋሽ ፊቷን አስዞራት። ሁለተኛው ባሰ። ሦስተኛው የጥርስ ሳሙና ሚንት ሸተተ።

ሁሉንም ሰበሰበቻቸው። ለኤቬራልዶ ብርጭቆ አቀበለችው።

«ከንፈርዎ ደርቋል፣ ዶክተር። ይጠጡ።»

ቶቢያስ አፍንጫውን ያዘ። ኤቬራልዶ ብርጭቆውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ጁሬማ እጁን ጨበጠች።

«ላምባ ነው። ከዘበኛው ፋኖስ የቀዳሁት። ሁላችንም ሸተተን፤ እርስዎን፣ አሽታቹን ብቻ አልሸተተዎትም። ማሽተት እንደማይችሉ ኢዮላንዳ ደረሰችበት፤ ልትናገር ስትል ገደሏት። የመታችዎት አፍ ሲደማ ለሙከራ በመጣው የጥርስ ሳሙና ታጠቡ። ማንም ባልቦረሸበት ጠዋት የእርስዎ አፍ ብቻ ሚንት ይሸታል፤ ያንን ደግሞ ማወቅ አልቻሉም። እስቲ ከንፈርዎን ይግለጡት።»

የውስጥ ከንፈሩ ለሁለት ተተርትሯል።

«ያለ አፍንጫ ማን ይቀጥረኛል?» አለ ቀስ ብሎ።

ጄኔዚዮ ካቴናውን ከኔውዛ እጅ ፈታ። እሷ ደም የነካውን ቀሚሷን እንኳ ሳትቀይር ወደ ልጇ ሮጠች።