ያልነቃው ቁልፍ

ኦቦ ነመራ ሲሬ ካለው ቤታቸው በረንዳ ላይ በአስም ታፍነው ሞቱ። ባለቤታቸው አዴ ድንቅነሽ ከነቀምቴ አምቡላንስ በድረ ገጽ ጠርተው፣ መጣ አልመጣ እያሉ አስፋልቱን ሲያዩ ነው ሰውየው ያመለጧቸው። በማግስቱ ተረፈ የተባለው የአምቡላንሱ ሾፌር ተጠርቶ ቀረ ተብሎ ታሰረ።

መርማሪዋ ኢንስፔክተር ብፅዓት ነገር ሳታላምጥ የምትውጥ ሴት አይደለችም። ተረፈ ጥሪ አልደረሰኝም ብሎ ማለ። አዴ ድንቅነሽ ገጹ ላይ ያለውን ቀዩን የመጥሪያ ቁልፍ ደጋግሜ ነካሁት፣ ከዚያ ስልኩን አስቀምጬ ደረቱን ደገፍኩ ብለው አለቀሱ። ለምን አልደወሉም ስትላቸው፣ የአምቡላንሱ ገጽ በተመረቀ ዕለት ከእንግዲህ መደወል ቀርቷል ተብለን ነበር አሉ። ብፅዓት ሁለቱም ላይ ውሸት አጣች፤ ይህም ከውሸት ይልቅ አስጨነቃት። ገጹን የሠራው ፊራኦል ነቀምቴ ቢሮው ሆኖ ቁልፉን ሲሞክረው የተረፈ ስልክ ወዲያው ጮኸ። ነገሩ ሁሉ ተረፈን ወደ ዘብጥያ የሚገፋ ሆነ።

ብፅዓት ሲሬ ሄዳ፣ እዚያው በረንዳ ላይ ተቀምጣ ገጹን በአዴ ድንቅነሽ ስልክ ከፈተችው። ከዚያ ሁሉንም እዚያው ጠራቻቸው።

«ኦቦ ሮብሳን፣ የምረቃው ፎቶ ገጹ ላይ ይውጣ ያሉት እርስዎ ነዎት?»

የአምቡላንስ አገልግሎቱ ሥራ አስኪያጅ አመነ። ከተጋባዦቹ አንዱ ቢቀር ቅያሜ ነው፤ ስለዚህ ሪባን ቆራጩም አጨብጫቢውም አንድ በአንድ ተደርድረዋል።

«ፊራኦል፣ ቁልፉን የሚያሠራው ኮድ መቼ ነው የሚመጣው?»

«ጃቫስክሪፕቱ? ፎቶዎቹ ሁሉ ወርደው ሲያልቁ ነው የሚነሣው። ገጹ ቶሎ እንዲታይ ብዬ ነው።»

«ቢሮህ ኔትወርኩ ፈጣን ነው፣ ሁሉም እኩል ይደርሳል። እዚህ ግን ቁልፉ ቀድሞ ይታያል፣ ፎቶዎቹ ይንቀረፈፋሉ። እስኪያልቁ ድረስ ቁልፉ ሥዕል ነው።»

ገጹን እንደ አዲስ ከፍታ ቁልፉን ነካችው። የተረፈ ስልክ ዝም አለ። የመጨረሻው ተጋባዥ ፊት እስኪሞላ ሁሉም ቆመው ጠበቁ። ደግማ ነካችው፤ ጮኸ።

ተረፈ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አነባ። ፊራኦል እኔን እሰሪኝ ብሎ ሁለት እጁን ዘረጋ። ብፅዓት እጆቹን አየቻቸው። ለዚህ ጥፋት በየትኛው አንቀጽ እንደምትይዘው አታውቅም፤ ሟችን የገደለ ሰው ፈልጋ መጥታ፣ ሰው ያላስቀየሙና ሥራ ያሳመሩ ሰዎች አገኘች።

አዴ ድንቅነሽ ስልካቸውን ከእጇ ተቀበሉ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ትንሽ ቆይቼ አንዴ ብደግመው ኖሮ ይመጣ ነበር?»

ብፅዓት ከጎናቸው ተቀመጠች። መልሱን በረንዳው ላይ የቆመ ሁሉ ያውቀዋል፤ ፊራኦል የዘረጋቸውን እጆቹን ሰብስቦ አቀረቀረ።