ሁለተኛው ስፒከር

ጭሱን መጀመሪያ ያየችው ሰልሚያ ናት። ከአምፕሊፋየሩ ጀርባ ቀጠን ብሎ ወጣ፤ ወዲያው የኤሌክትሪክ ጊታሯ ድምፅ ጭጭ አለ፤ አዳራሹን የተቃጠለ ሽታ ሞላው። ጣቶቿ ክሩ ላይ እንዳሉ ደርቃ ቀረች። የወላጆች በዓል ሊጀመር ነው፤ ግማሽ ቡታጅራ ደጅ ተኮልኩሏል።

የሙዚቃ ክበቡ ኃላፊ ቲቸር ለማ ሮጠው ደረሱና ሶኬቱን ነቀሉ። «ምን ሆነ?»

«መብራት ነው ቲቸር» አለ ከማሉ። «ሄድ መጣ ሲል ነበር፣ በቃ አቃጠለው።»

ሰልሚያ ክው አለች። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብሯት የተማረው ከማሉ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ! መብራቱ ጠዋቱን ሙሉ አንዴም አልጠፋም። ይልቅ ድምፁ እንዲጨምር ብሎ ሁለተኛ ስፒከር አምጥቶ የሰካው ከማሉ ራሱ ነው። አምፕሊፋየሩ ሬዚስታንሱ ከስምንት ኦም በታች የሆነ ስፒከር አይችልም። ሁለት ባለ ስምንት ኦም ስፒከሮች በትይዩ ሲሰኩ ደግሞ አራት ይሆናሉ፤ ሁለት ቧንቧ እንደተከፈተበት ታንከር፣ አምፕሊፋየሩ ከአቅሙ በላይ ይለቃል። ይህን ሰልሚያ ፊዚክስ ክፍል ውስጥ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ሠርታዋለች። ግን «ሰካው፣ እስከ በሩ ይሰማ» ያለችውም እሷ ናት። እናቷ ከእንሴኖ ገበያ አርፍዳ መጥታ ኋላ ነው የምትቀመጠው።

«የኔንም ፍሪጅ የበላው እሱ ነው» አሉ የጽዳት ሠራተኛዋ። ሌላ የጠየቀ የለም። መብራት እንደሁ ተከሶ ችሎት አይቆም፤ የሰው ጥፋት ሁሉ እሱ ላይ ይለጠፋል።

ቲቸር ለማ የራሳቸውን ሊያመጡ በባጃጅ ሄዱ። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የሚጫወቱበት፣ ባለቤታቸው እንኳ አቧራውን እንዲጠርጉ የማይፈቅዱላቸው አምፕሊፋየር ነው።

«ለምን ዋሸህ?» አለችው ሰልሚያ ከማሉን።

«አታካብጂ ባክሽ። መብራት ነው እኮ።»

«ሁለተኛው ይነቀል፤ የሳቸውም ይቃጠላል።»

«በአንድ ማን ይሰማናል? ሼም ነው።»

ፊቱን አየችው፤ እየቀለደ አይደለም። ውሸቱን ከተናገረ ገና ምንም ሳይቆይ ራሱ አምኖታል። ከጭሱ የበለጠ ያስደነገጣት ይሄ ነው።

ቲቸር ለማ አምፕሊፋየሩን እንደ ሕፃን አቅፈው ተመለሱ። ከማሉ ተሽቀዳድሞ የሁለቱንም ስፒከር ገመድ ሰካ። ወላጆች መግባት ጀምረዋል። የቲቸር ለማ ጣት ማብሪያው ላይ ሲያርፍ ሰልሚያ ጎንበስ ብላ የሁለተኛውን ስፒከር ገመድ ነቀለች።

«ምነው?» አሏት።

«ላልቶ ነው» ብትል ያልፍ ነበር። ከማሉም በዓይኑ የሚለምናት ይህንኑ ነው።

«ቲቸር» አለች። «ያኛውን ያቃጠለው መብራት አይደለም። እኛ ነን።»

ቲቸር ለማ ጣታቸውን አንስተው ሁለቱንም ልጆች አፈራርቀው አዩ። ሰልሚያ ገመዱን እንደያዘች ቆማ ጠበቀች።