ሽቅብ ወደ ሰንሰልት ምንጭ

ሰንሰልት በመጋቢት መባቻ ቀጥ አለ። ከጮቄ ተራራ ጉያ ተነሥቶ፣ ገደል ለገደል ወርዶ፣ ከይጁቤ በላይ ያለችውን መንደር ሽንኩርት የሚያጠጣ ጅረት ነበር። አሁን በቦዩ ውስጥ የቀረው እርጥብ አሸዋና አንዲት እንቁራሪት ነው። በማግስቱ እንቁራሪቷም ሄደች። ሽንኩርቱ ገና ራስ አልቋጠረም፤ ውሃ ካጣ ይቃጠላል፤ ከተቃጠለ ደግሞ የመንደሩ ጎልማሳ ሁሉ ለቀን ሥራ ቆላ ይወርዳል። ከመንደሩ ሴቶች የአንዷ፣ የታየች ባል ጓዙን ሸክፎ ከደጅ አስቀምጦት ነበር።

ስለዚህ ሦስት ሰዎች የውሃውን ዱካ ይዘው ሽቅብ ተነሡ።

ከፊት የምትሄደው ታየች ናት፤ ዶማ በትከሻዋ፣ የስንቅ ሥልቻ በጀርባዋ። የተወለደችው ከምንጩ ራስ ነው፤ ወደ ታች የመጣችው በጋብቻ ነው። ከኋላዋ ያሉት አያ ደምለው ናቸው፤ የቀድሞው የውሃ አባት። የውሃ አባት ማለት ተራ የሚደለድል፣ ሌሊት ቦይ የሚሰብረውን የሚገሥጽ፣ የተጣላውን የሚያስታርቅ ሰው ነው። ሦስተኛው አካለ ወልድ ይባላል፤ የወረዳው የመስኖ ባለሙያ፣ ወጣት፣ የጎማ ቡትስ ያጠለቀ።

«አያ ደምለው፣ ስንት ሰዓት ያስኬዳል?» አለ አካለ ወልድ ገና ከመንደር ሳይወጡ።

«እንደ እግሩ ነው።»

«በእኔ እግርስ?»

«በአንተማ እግር ለፋሲካ እንደርሳለን።»

ታየች ግን የሚደርሱበትን ቀን ቆርጣ ነበር የተነሣችው። «በመጋቢት አቦ እዚያ ካልተገኘን ባንሄድ ይሻላል» ብላለች። ምክንያት ነበራት። ድሮ በየዓመቱ መጋቢት አቦ የታችኞቹ ሰዎች በውሃ አባታቸው መሪነት እየወጡ ቦዩን ከበታች ይጠርጋሉ። የላይኞቹ ደግሞ ከምንጩ ጀምረው ወደ ታች ይጠርጋሉ። ዶማና ዶማ በተገናኘበት ቦታ ተቀምጠው የላይኞቹን የገብስ ቆሎ ይበላሉ፤ የዓመቱ የውሃ ውል በዚያ ይጸናል።

ከዚያ አዲሱ ደንብ መጣ። ደንቡ ክፉ አልነበረም። የውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበር አቋቋመ፤ ሊቀ መንበር ነበረው፣ ጸሐፊ ነበረው፣ ገንዘብ ያዥ ነበረው፣ ሴት ትኑርበት ስለሚልም ታየች ነበረችው። የውሃ አባት የሚል ግን አልነበረውም፤ አያ ደምለው በሞቀ ጭብጨባ ተሸኙ። መጋቢት አቦ ሲደርስ ማኅበሩ ተሰብስቦ ጉዞው በየትኛው የሥራ ክፍል እንደሚገባ ተወያየ። በየትኛውም ስላልገባ ቀረ። በሚቀጥለው ዓመትም ቀረ፤ በሦስተኛውም ቀረ።

ለሌላው ሰው የቀረው አንድ አድካሚ ጉዞ ነው። ለታየች የቀረው አገሯ ነው። ባለትዳር ሴት «ናፈቀኝ» ብላ ከብትና ልጅ ጥላ የሁለት ቀን ዳገት አትወጣም፤ ቢያውቁባት ይስቁባታል። ቦይ ጠረጋ ግን ሥራ ነው። በየዓመቱ ለወንዶቹ ስንቅ ተሸክማ ትወጣና ወንድሟን አንሙትን ታየዋለች። እናታቸው የሞተች ጊዜ ገና ዳዴ የሚል ነበር፤ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። አሁን ጢም አውጥቶ፣ ሚስት አግብቶ፣ የምንጩን ራስ መሬት ይዟል። ናፍቆቷ በስንቁ መሐል ተሸሽጎ ሲመላለስ ኖሮ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ መሄጃ አጥቶ ቤት ተቀመጠ። በስብሰባ መሐል «እንሂድ» ለማለት አፏን ከፍታ ታውቃለች፤ ሲያዩዋት «ምንም አይደል፣ አዛጋኝ» ትላለች።

በመጀመሪያው ቀን ሸለቆው ውስጥ ፀሐይዋ አናት ትበሳ ነበር። ደረቁን የወንዝ ሆድ መንገድ አድርገው ከቋጥኝ ቋጥኝ እየዘለሉ ወጡ። ግራና ቀኙ ገደል ነው፤ ሰማዩ ከላይ እንደ መቀነት ጠቦ ይታያል። ከቀትር በኋላ ወፎቹ ዝም አሉ። ታየች ቆማ አንጋጠጠች። የጮቄ አናት ጠቁሯል። ከሩቅ ድንጋይ ከድንጋይ የሚላጋ ድምፅ መጣ።

«ደራሽ ነው! ውጡ!»

እሷ ከገደሉ የወጣ የዛፍ ሥር ጨብጣ ተንጠላጠለች። አካለ ወልድም ወጣ። አያ ደምለው ግን እግራቸው በሁለት ቋጥኝ መሐል ተቀረቀረ። ቀይ ጎርፍ ግንድ እየገፋ ከመታጠፊያው ብቅ አለ። አካለ ወልድ ዘሎ ወረደ፤ ቋጥኙን በትከሻው ገፋ፣ ሽማግሌውን በብብታቸው ይዞ ወደ ላይ ወረወራቸው፤ ታየች በጋቢያቸው ጎተተቻቸው። ውሃው ልጁን እስከ ወገቡ ያዘው። የሥር ገመድ ጨብጦ፣ እየተንፈራገጠ፣ በሆዱ እየተሳበ ወጣ።

ሦስቱም ከገደሉ ጫፍ ተዘርረው አለከለኩ።

«አንደኛው ጫማህስ?» አሉ አያ ደምለው።

«ወደ ታችኛው መንደር ወርዷል።»

«ደግ። የማኅበሩ አባል ይሆናላ።»

ከዚያ ግን መቀነታቸውን ፈትተው የልጁን ባዶ እግር በእጃቸው ጠቀለሉለት።

ከአንድ የገጠር ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም አድረው በማግስቱ ደጋውን ጀመሩ። እርሻው አለቀ፤ የአስታ ቁጥቋጦው አለቀ፤ የጓሳ ሣር ብቻ ሆነ፤ እዚህም እዚያም ረጅሙ የጅብራ ተክል እንደ ዘብ ቆሟል። ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ታየች ግን አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ አዙራ እንደ ጥማድ በሬ ታቀና ነበር፤ የእርጥብ ጓሳ ሽታ ከስንት ዓመት በኋላ ገና ዛሬ ደረሳት። እርምጃዋን አፈጠነች።

ከዚያ በረዶ ጣለ። እንደ ባቄላ ጀምሮ እንደ እንቁላል ሆነ። ታየች የዶማዋን ምላጭ በአናቷ ይዛ ሮጠች፤ አንድ ዋሻ አየች፤ ሦስቱም ተግተልትለው ገቡ። ገና ትንፋሽ ሳይሰበስቡ ከጨለማው ውስጥ የሚያጉረመርም ነገር ተሰማ። ሁለት ዓይን በራ። ከሥሩ ደግሞ ትናንሽ ዓይኖች በሩ።

«ጅብ ናት» አሉ አያ ደምለው በሹክሹክታ። «አራስ ናት።»

«ምን እናድርግ?» አለ አካለ ወልድ።

«ባለሙያው አንተ ነህ።»

ጅቢቱ አንድ እርምጃ ወጣች። ጥርሷ ታየ። ታየች ጀርባ ሳትሰጥ፣ ዓይኗን ከዓይኗ ሳትነቅል ሥልቻውን ከትከሻዋ አውልቃ ወረወረችላት። ጾም ስለነበር ውስጡ ያለው በሶና ደረቅ ዳቦ ነው። ጅቢቱ አሸተተች። በሶው ተደፋ፤ ዳቦው ተንከባለለ፤ እሷ ግን የፍየል ቆዳውን ነክሳ መዘንጠል ጀመረች። ሦስቱ የኋሊት እየተራመዱ ከበረዶው ውስጥ ወጡ።

«ስንቁን እንኳ ብትበላው ምን ነበር» አለ አካለ ወልድ ጥርሱ እየተንቀጫቀጨ።

«የጾም ምግብ አትበላማ» አሉ አያ ደምለው።

ያን ቀን ሳይበሉ ዋሉ፤ ከእረኞች ጎጆ አጥር ሥር ተጣብቀው አደሩ። የአቦ ዕለት ረፋዱ ላይ ጉሙ ሲገለጥ ታየች የተወለደችበትን አፋፍ አየች። አላወቀችውም። ሣር የነበረው ራስ ባሕር ዛፍ ሆኗል፤ ቀጫጭን፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ምንጩን ዙሪያውን ከቦ የቆመ። ከሥሩ የሚወጣውን ውሃ ሣር ያዘለ ጓል ገድቦታል፤ የተረፈው ወደ ድንች ማሳ ዞሯል። ልጅ ሆና የተኛችበትን የውሃ ድምፅ ልትሰማ ጆሮዋን አቀናች። የሰማችው የቅጠል ሹክሹክታ ብቻ ነው።

«እዛው ቁሙ!»

ከአፋፉ ላይ ዱላ የያዙ ወንዶች ተደረደሩ። ከመሐላቸው አንሙት ነበር። አካለ ወልድን አየ፤ አንደኛውን ቡትስ አየ።

«መሬት ሊለኩ ነው የመጡት» አለ ለሰዎቹ። ከዚያ ወደ ታች ጮኸ፤ «ሴትዮ! ይዘሻቸው ተመለሺ!»

ሴትዮ አላት። ታየችን ይህ ቃል ከበረዶው ይልቅ አመማት።

«አንሙት፣ እኔ እኮ ነኝ።»

«አውቄሻለሁ። ዓመት በዓመት በአቦ ቆሎ ቆልተን እዚህ ስንጠብቃችሁ ዋልን። ፀሐይ እስክትጠልቅ። አንድ ሰው ብቅ አላለም። ውሃውን የማትፈልጉት ከሆነ ባሕር ዛፍ ይጠጣው ብዬ ተከልኩ። መሬቱ የእኔ ነው፤ መንግሥት ራሱ አረጋግጦልኛል።»

አካለ ወልድ አንድ እርምጃ ወጣ። «ወንድሜ፣ በደንቡ መሠረት ምንጭ አካባቢ...»

ድንጋይ እግሩ ሥር ወደቀች። ሌላም ተከተለች። አያ ደምለው ልጁን በክንዱ ይዘው ወደ ኋላ ሳቡት።

እነታየች ታች ሆነው በየትኛው ክፍል ይገባል ሲሉ፣ እነዚህ እዚህ ቆሎ ይዘው ተቀምጠው ነበር። ይህን በምን አፍ ይናገሩታል? ዓይኗ ከአሮጌው ቦይ ላይ አረፈ። በአፈርና በአሜከላ ተሞልቷል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች፤ ወደ ቦዩ ወረደች፤ ዶማዋን አነሣችና መታች።

«ተይ!» አለ አንሙት።

መታች። አፈሩን በእጇ ዛቀች፤ አሜከላውን ነቅላ ጣለች፤ እንደገና መታች። ድንጋይ አጠገቧ ፈነጠረ፤ ቀና አላለችም። አያ ደምለው አንድ ቃል ሳይናገሩ ከኋላዋ ገብተው በእጃቸው ይጠርጉ ጀመር። አካለ ወልድ ትንሽ አመነታና ባዶ እግሩን ቦዩ ውስጥ ከተተ። ሦስት የራባቸው ሰዎች ጎንበስ ብለው ወደ ዱላው ይቆፍራሉ።

ከላይ ያሉት ወንዶች ተያዩ። ሰው ቦይ ሲጠርግ በአቦ ቀን እጅ አጣጥፎ ማየት ልምዳቸው አይደለም፤ መምታት ደግሞ ጭራሽ አያውቁበትም። አንዱ ዱላውን መሬት ላይ አስተኝቶ ዶማ ፍለጋ ሄደ። ሌላውም ተከተለ። የአንሙት ሚስት ሥራነሽ ከቤቷ ደጅ ወጥታ ይህን አየች። ገባች፤ ሰፌድ ይዛ ተመለሰች።

«አንተ ምን ትቆማለህ?» አለችው ባሏን ስታልፍ። «ዘንድሮም ቆልቼልህ አልነበር?»

አንሙት ብቻውን አፋፉ ላይ ቀረ። ቆየ። ከዚያ መጥረቢያውን አነሣና ከምንጩ ዐይን አጠገብ ያለውን ባሕር ዛፍ መታው። ዛፉ እየተንቋቋ ወደቀ።

«የምንጩን ዐይን የያዙትን እቆርጣለሁ» አለ ወደ ማንም ሳይመለከት። «ሌላውን አልቆርጥም። ለልጄ ጎጆ መውጫ ነው።»

«ይብቃናል» አለች ታየች ከቦዩ ውስጥ። ድምፅዋ በስብሰባ ላይ ወጥቶ አያውቅም ነበር። «እኛም በየዓመቱ እንመጣለን። ማኅበሩ ባይመጣ እኔ እመጣለሁ። ምን ልትሠሪ ቢሉኝ ወንድሜን ላየው እላቸዋለሁ።»

አያ ደምለው ሳል ያዛቸው። አካለ ወልድ የሚያየው ነገር ፈልጎ ቅጠሎቹን ተመለከተ።

ዶማና ዶማ ሲገናኙ ፀሐይዋ ዘንበል ብላ ነበር። ቅዳሴ ወጥቷል፤ ጾሙ ተፈትቷል፤ ቆሎውን ሁሉም በአንድ ሰፌድ ዘገኑ። አንሙት ወደ ግድቡ ሄዶ ጓሉን በዶማ ገለበጠው። ውሃው መጀመሪያ አመነታ፤ አፈሩን ላሰ፤ ከዚያ ቦዩን አግኝቶ ቅጠልና ገለባ እያንሳፈፈ ወደ ታች ወረደ።

አንሙት እጁን በሱሪው ጠርጎ አጠገቧ ቆመ።

«እታለም» አለ። «ሽንኩርቱ ተጠምቷል፣ ባልሽም ይጠብቅሻል። ካልተነሣሽ ውሃው ይቀድምሻል።»

ታየች ጓሳው ላይ ተቀመጠች። እግሯን ዘረጋች። ውሃው በሥሯ ሲያልፍ ሰማችው፤ ድሮ እንደምታውቀው አልነበረም፤ ግን ውሃ ነበር።

«ይቅደመኝ» አለች።