ያልተጠረገው ቱቦ

ሽታው ከቱቦው ወጥቶ መንገድ ላይ ተቀበላቸው። ሙስዐብ የሹራቡን አንገት እስከ አፍንጫው ስቦ ጎንበስ አለና ወደ ውስጥ አየ። ወዲያው ቀና አለ።

«ምን አለ?» አለ እስራኤል፣ አምስት እርምጃ ርቆ እንደቆመ።

«መጥተህ እየው።»

«አንተ አይተኸው የለ? ንገረኛ!»

ምኑ ይነገራል? ፌስታል አለ፣ የሕፃን ዳይፐር አለ፣ ተቅሞ የተጣለ የጫት ገረባ አለ። ከገበያ የተረፈ ቲማቲም ቀልጦ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። ከዚያ ሁሉ ጀርባ፣ ጨለማው የሚጀምርበት ቦታ ላይ፣ ሆዱ የተነፋ ውሻ በጎኑ ተኝቷል። ዝንቡ ከውስጥ እንደ ባጃጅ ያጓራል።

«ውሻ ሞቷል።»

«ኤጭ! በማርያም!» እስራኤል ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ጨመረ። «በል አካፋህን አንሳ። ነገ እንመጣለን።»

ሙስዐብ አልተከራከረም። እንዲያውም ያን ቃል እስራኤል ቀድሞ ስላወጣለት ደስ አለው።

ዕለቱ ማክሰኞ ነበር፣ ውሃው የሚለቀቀው ሐሙስ። መርሳ ዳር ያሉት ማሳዎች ከአንድ ቦይ ነው የሚጠጡት። ተራቸው የሚደርሰው በየአሥር ቀኑ ነው። ውሃው ከመለቀቁ በፊት እያንዳንዱ ቤት የራሱን ድርሻ ይጠርጋል። ከመንገዱ ሥር የሚያልፈው ቱቦ የሙስዐብና የእስራኤል ቤቶች የጋራ ድርሻ ነው፤ ማሳቸው ከቱቦው በታች ጎን ለጎን ነውና። የሙስዐብ አባት ኡበይደላ አጎታቸው ሞተው ለለቅሶ ወደ ውርጌሳ ሲወርዱ ደጋግመው ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ቱቦውን አደራ።»

ጠርጎ የጨረሰ ሰው ድርሻው የሚያልቅበት ላይ የግራዋ ቅርንጫፍ ይተክላል። ተራ የሚሰጡት፣ ሰው ሁሉ የውሃ አባት የሚላቸው አያ ናስር፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ቦዩን ተከትለው ይወርዳሉ። ጎንበስ ብለው አይመረምሩም። ቅጠል ካለ ያልፋሉ፣ ቅጠል ከሌለ ውሃ የለም። በእሳቸው ዘመን ሳይጠርግ ቅጠል የተከለ ሰው አልተሰማም።

ረቡዕ ከትምህርት በኋላ ሙስዐብ ወደ ቱቦው አልሄደም። የቲቸር ደምሴ ክበብ ነበረው።

ቲቸር ደምሴ ታሪክ አስተማሪ ናቸው። ድሮ በሥነ መለኮት ኮሌጅ የጥንት ግሪክ ተምረዋል። ረቡዕ ረቡዕ፣ ለሚፈልግ ተማሪ ሁሉ፣ በፎቶ ኮፒ ወረቀት ያስተምራሉ። የሚፈልጉት ሰባት ናቸው። ቅዳሜ ወልድያ ላይ የትምህርት ቤቶች የቋንቋ ቀን ይከበራል፤ ከሰባቱ የተመረጠው ሙስዐብ ነው። ስም ሲጠራ «አቤት» ከማለት ውጪ ድምፁ ክፍል ውስጥ ተሰምቶ የማያውቀው ሙስዐብ፣ መድረክ ላይ ወጥቶ አምስት ግሶች ሊያስረዳ ነው። ከተነገረው ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ለብቻው ሲያወራ ሰው ይሰማዋል።

«በል፣ ቀጥል» አሉት ቲቸር።

«ሜሎ፣ ላደርግ ነው እያሉ መቆየት። ብራዱኖ፣ መዘግየት። ኦክኔኦ፣ በፍርሃት ወይም በስንፍና ወደ ኋላ ማለት። አናባሎ፣ ለሌላ ቀን ማሳደር። ሂፐርባሎ፣ ከልክ ማለፍ።»

«የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ከአንድ ግንድ ናቸው። ባሎ። ምን ማለት ነው?»

«መወርወር።»

«አዎ። አንደኛው ወደ ላይ መወርወር፣ ሌላው አሳልፎ መወርወር። ወንዝ ሞልቶ ከአፉ ሲያልፍ በሁለተኛው ይሉታል። የሚገርመው ደግሞ፣ ሥራን ገፍቶ ቀኑን ማሳለፍንም አንዳንዴ በዚያው ግስ ይጠሩታል።»

«ቲቸር፣» አለች ከኋላ ሰላም፣ «ግሪኮቹ ሥራቸውን ይወረውሩት ነበር ማለት ነው?»

«ያንቺን የቤት ሥራ ወዴት እንደወረወርሽው ንገሪንና ከእነሱ ጋር እናስተያየዋለን።»

ሁሉም ሳቁ። ሙስዐብም ሳቀ። እየሳቀ ግን ያ የዝንብ ጩኸት ጆሮው ውስጥ ገባ።

ከክበቡ ሲወጣ ፀሐይዋ አዘቅዝቃለች። እየሮጠ ቱቦው ዘንድ ደረሰ። ሽታው እንዳለ ነው፤ ዝንቡም እንዳለ ነው። ከቱቦው አፍ በላይ ግን ለምለም የግራዋ ቅርንጫፍ ተተክሏል። እስራኤል ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ሸንኮራ ይመጥጣል።

«ማን ተከለው?»

«መልአክ! ማን ይተክለዋል?» እስራኤል የሸንኮራውን ምጣጭ ተፋ። «አያ ናስር ቅድም አልፈዋል። ‹ጎበዞች› ብለውናል።»

«እስሩ፣ አልጠረግንም እኮ!»

«ውሃው ይጠርገዋላ። ሲለቀቅ ኃይሉን አታውቀውም? ፏ አድርጎ ይወስደዋል፣ ውሻውንም ጭምር። አንተ ግሪክህን አጥና፣ ፋራ አትሁን።»

ሙስዐብ ቅርንጫፉን ነቅሎ መጣል ይችል ነበር። እጁንም ዘረጋ። ግን ነቅሎ ከጣለው መጥረግ ነበረበት፤ መጥረግ ደግሞ እዚያ ውስጥ መግባት ነው። ለሱብሒ ሶላት ሲነሳ መጥቶ ሊጨርሰው ለራሱ ቃል ገባና ወደ ቤቱ ሄደ። ማታ ወረቀቱን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቅልፍ ወሰደው። ሲነቃ ፀሐይ መስኮቱ ላይ ነበረች።

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ሙስዐብና እስራኤል ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ከማሳው በኩል ጩኸት ሰሙ። ውሃው ምንም አልጠረገም። ቱቦው አፍ ላይ ቆሻሻውን ጠቅጥቆ፣ መሄጃ ሲያጣ ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ቦዩን ሞልቶ ከቱቦው በላይ ያለው የእትዬ አሚና ማሳ ላይ ተገልብጧል። በሳምንቱ መጀመሪያ የተተከለው የሽንኩርት ችግኝ ግማሹ ተነቅሎ፣ እንደ ረጠበ ፀጉር ጭቃው ላይ ተለጥፏል። በላዩ ፌስታልና ዳይፐር ይንሳፈፋል። እትዬ አሚና እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ውሃ ውስጥ ቆመዋል። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ያን ማሳ የሚሠሩት ከልጃቸው ከሀስና ጋር ሁለቱ ብቻ ናቸው። ሀስና የእነሙስዐብ ክፍል ተማሪ ናት።

አያ ናስር ውሃውን ወደ ወንዝ አስመልሰው፣ በዱላቸው ተደግፈው ቅርንጫፉን አዩት።

«የታችኞቹ ልጆች ጠርገዋል። ቅጠላቸው ይኸው» አሉ። «አሚና፣ ጥራጊሽን ወደ ዳር አላወጣሽም። ወደ ታች ለቀሽዋል።»

«አያ ናስር፣ ወላሂ በአካፋ ነው ያወጣሁት! ክምሩን ይዩት!»

«አየሁት። ትንሽ ነው።»

«ድርሻዬም ትንሽ ነዋ! ያንን ሁሉ ዳይፐር ከየት አመጣዋለሁ? እኔ ቤት ሕፃን አለ?»

«ከቀበሌው ሁሉ ለቅመሽው ይሆናላ» አለ አንዱ ሰውዬ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

«ቅጠል አይዋሽም፣ አሚና» አሉ አያ ናስር። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ለሙስዐብ የባሰበትም እሱ ነው። «እስከ ነገ ከሰዓት፣ እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ቱቦውን ጠርጊ። የሚመጣው ተራሽም ያልፍሻል።»

«ሃያ ቀን? ገና ሥር ላልያዘ ችግኝ? የተረፈውንም ንቀሉልኝና ልረፍ!»

ሙስዐብ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። አያ ናስር ዞር ብለው ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። «አባትህ ሲመለስ እነግረዋለሁ። ወንድ ልጅ ወልዷል።»

የተነካው ትከሻው ቤት እስኪደርስ ድረስ እንደቆሸሸ ልብስ ከበደው። እናቱ የቲማቲም ስልስ አቀረቡለት። አንድ ጉርሻ አፉ አድርሶ መለሰው።

ዓርብ ከጁምዓ ሲወጣ እስራኤል መስጊዱ በር አጠገብ ይጠብቀው ነበር።

«ፊትህ ምን ሆኗል? አንድ ሰው ቢያይህ ያውቅብናል።»

«ይወቅብን።»

«እብድ ነህ? እነሱ የሚያጡት አንድ ተራ ነው። እኛ ስማችንን ነው የምናጣው። አባትህ ለቅሶ ላይ ሆነው ይህን ቢሰሙስ? ነገ በጠዋት ወልድያ ነህ። ስትመለስ ማንም አያስታውሰውም፣ አብሽር።»

ሙስዐብ የእስራኤልን አፍ አየው። ቃሎቹ ቀፈፉት። የበለጠ የቀፈፈው ግን ሌሊቱን ሙሉ ለራሱ ሲነግረው ያደረው፣ አንድም ቃል ሳይቀነስ፣ ያው መሆኑ ነው። ጥሎት ሄደ።

ቱቦው ዘንድ ሲደርስ ሀስና ግማሽ አካሏ ውስጥ ነበር። ሻርፗን አፍንጫዋ ላይ ጠምጥማ፣ በእጇ ፌስታል አድርጋ፣ እየጎተተች ታወጣለች። በየመሀሉ ትወጣና ዳር ሄዳ ታስታውካለች፤ ከዚያ አፏን በክንዷ ጠርጋ ትመለሳለች።

«እናትሽስ?»

«ችግኝ እየለቀሙ ነው፣ የሚተርፍ ካለ።» ሳታየው ነው የመለሰችው።

ሙስዐብ ሱሪውን ጠቅልሎ ገባ። ጭቃው ሞቅ ያለ ነበር፤ እንደዚያ ይሞቃል ብሎ አላሰበም። በጣቶቹ መሀል አንድ ለስላሳ ነገር ፈረጠ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ውሻውን ለማውጣት ገመድ አስፈለገ። የኋላ እግሩ ላይ አስረው ሲጎትቱት ቆዳው ከሥጋው ሸሸት አለ፤ ከሥሩ ነጫጭ ትል እንደ ፈሰሰ ሩዝ ተበተነ። ሙስዐብ እዚያው ተንበርክኮ ቁርሱንም ምሳውንም አወጣ። ሀስና ዞር ብላ ጠበቀችው። ከዚያ በሃይላንድ ጠርሙስ ያመጣችውን ውሃ አቀበለችው።

«ተጉመጥመጥ» አለችው። «አላህ ጀዛህን ይክፈልህ። ከዚህ ሁሉ ሰው አንድ አንተ ብቻ መጣህ።»

ውሃው አፉ ውስጥ ቀረ። ውሻው፣ ትሉ፣ የቀለጠው ቲማቲም፣ አንዱም እንደዚህ ምርቃት አላቅለሸለሸውም።

«አታመስግኝኝ።»

«ለምን?»

«እኛ አልጠረግነውም። ቅጠሉ ውሸት ነው። ማክሰኞ አይተነው፣ ቀፍፎን፣ ትተነው ሄድን። ረቡዕም ተከልን… እስራኤል ተከለ፤ እኔም አይቼ ዝም አልኩ። ትናንትም እናትሽ ሲፈረድባቸው ቆሜ ነበር።»

ሀስና ሻርፗን ከአፍንጫዋ ላይ አወረደች። ትጮሃለች ብሎ ጠበቀ። አልጮኸችም። ከእግሩ እስከ ራሱ፣ ቀስ ብላ፣ ቅድም ውሻውን ባየችበት ዓይን አየችው። አካፋዋን እግሩ ሥር ጣለችለት።

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ተራ የምሰጠው እኔ ነኝ?» ብላ እጇን ሳር ላይ ጠረገችና ወደ እናቷ ሄደች።

የቀረውን ለብቻው አወጣ። በስተመጨረሻ ከቱቦው ወዲያ ጫፍ የቀን ብርሃን ታየ። ከላይ መንገዱ ላይ ሚኒባስ ቆመ፤ ቲቸር ደምሴ በመስኮት አንገታቸውን አወጡ። «ሙስዐብ! ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ መናኸሪያ! እንዳታረፍድ! ደግሞ ምን ሆነህ ነው እንዲህ የሆንከው?» መልሱን ሳይሰሙ ሚኒባሱ ሄደ።

ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ በግራ ነው። ቤት ባልዲ አለ፣ ሳሙና አለ። ሙስዐብ በቀኝ ሄደ።

በአያ ናስር በር ላይ ያገኘችው የልጅ ልጃቸው ኢብቲሳም ናት፤ ስምንት ዓመት ቢሞላት ነው። አፍንጫዋን በሁለት ጣቷ ያዘች።

«ኤጭ! ምን ነክቶህ ነው?»

«አያ ናስር አሉ?»

«ተኝተዋል። ወገባቸውን አሟቸዋል፣ አትቀስቅሱኝ ብለዋል። ታጥበህ ነገ ና።»

ሙስዐብ እጆቹን አያቸው። ጥቁሩ ጭቃ ጥፍሩ ሥር መድረቅ ጀምሯል። ነገ አያ ናስር ሶላታቸውን ሰግደው ደጃቸው ላይ ሲቀመጡ፣ እሱ የወልድያ መንገድ ላይ ይሆናል። ኢብቲሳም የከፈተችለት የማምለጫ በር ሰፊ ነበር፤ ማንም አይወቅሰውም፤ መጥቼ አጣኋቸው ማለት ውሸትም አይደለም።

«እጠብቃቸዋለሁ» አላት።

«እዚህ? እንዲህ ሆነህ?»

«እዚሁ።»

ከአጥሩ ሥር፣ ነፋሱ ሽታውን ወደ ቤት እንዳይወስደው በታችኛው በኩል፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዝንቦች መጥተው ሰፈሩበት፤ አላባረራቸውም። አንዲት ሴትዮ ልጃቸውን እጁን ይዘው ወደ ማዶ ተሻገሩ። ሙስዐብ ጉልበቱን አቅፎ የበሩን ድምፅ ማዳመጥ ጀመረ።