የአባ አለነ ጥቁር ጀልባ

የጀልባው አፍንጫ ቀጭ ሲል ሊኖር የብርጭቆ ወረቀቱን ከእጇ ጣለች።

«ምንድን ነው?» አለች ጓደኛዋ ነታ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

ሊኖር ጎንበስ ብላ አየችው። ወደ ላይ በቀናው የጀልባው ጫፍ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ወጥቷል። በጣቷ ጫን ስትለው ሰፋ። ቶሎ ብላ ጣቷን አነሳች።

ጀልባው ከአንድ ክንድ ያጠረ፣ ከእንጨት የተፈለፈለ፣ ሁለመናው ጥቁር ነበር። አያቷ አባ አለነ ቁም ሳጥን ላይ አስቀምጠውት ኖሩ፤ አምና ሊሞቱ ሲሉ «ለሊኖር ይሁን» አሉ። አጎቷ ሀብቱ ለጠየቀው ሁሉ «የጣና የደንገል ታንኳ አምሳል ነው፣ ከኢትዮጵያ ይዞት የመጣ» ይላል። አባ አለነ ይህ ሲወራ እየሰሙ አንድም ቀን አዎም፣ አይደለምም ብለው አያውቁም።

እሑድ በሊኖር ትምህርት ቤት «ሾራሺም»፣ ማለት የሥረ መሠረት፣ ትርኢት አለ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ ስለ ቤተሰቡ መነሻ የሚናገር ዕቃ ይዞ ይቀርባል። የደንገል ታንኳ ቢጫ መሆን አለበት ብላ ጥቁር ቀለሙን ልታስለቅቅ ጀልባውን ከአያቷ ቤት፣ ከኪርያት ማላኺ ከተማ፣ ወደ ገዴራ፣ ነታ ቤት አመጣችው። ለሴት አያቷ ለእማማ ይርገዱ ግን «አቧራውን ልጥረግለት» ነበር ያለቻቸው። ነገ የአባ አለነ ተዝካር ነው። ጀልባው ዛሬውኑ ተመልሶ ከፎቶግራፋቸው አጠገብ መቀመጥ አለበት።

«ነታ፣ በቃ ሞቼያለሁ።»

«አትሞቺም። ያላ፣ አሳዪኝ።» ነታ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ጀልባውን ገለበጠችው። «ውይ፣ ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?»

ጥቁሩ በተፋቀበት በሆዱ በኩል ነጣ ያለ እንጨት ብቅ ብሏል። እንጨቱ ላይ በጋለ ብረት የተተኮሱ የዕብራይስጥ ፊደላት አሉ። በቤኤር ቱቪያ መጋዘኖች ደጅ በተከመሩት የዕቃ መጫኛ ርብራቦች ላይ የሚታየው ዓይነት ማኅተም ነው። አባ አለነ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት እዚያ ነበር።

«ታዲያ ከኢትዮጵያ አልመጣማ» አለች ነታ።

ሊኖር፣ መስበሯ ሳያንስ፣ ሰው ሆን ብሎ የሸፈነውን ነገር የገለጠች መሰላት።

በዚህ መሐል የነታ ወንድም ኢላይ ብቅ አለ። የባሕር ኃይል ወታደር ነው፤ ለሻባት፣ ለሰንበት ዕረፍት፣ መምጣቱ ነበር፤ ቦርሳውን እንኳ ከትከሻው አላወረደም።

«ማነው ዞዲያክ የሠራው?»

«ታንኳ ነው» አለች ሊኖር።

«የምን ታንኳ? ኋላውን እዪው፣ ጠፍጣፋ ነው። ሞተር የሚታሰረው እዚህ ነው። የደንገል ታንኳ ሞተር አለው እንዴ? ይኼ ዞዲያክ የሚባለው የጎማ ጀልባ ነው፣ እኛ ጋም አለ። ጥቁር የሚሆነው በማታ እንዳይታይ ነው።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አያቶችሽ ወደዚህ አገር በየት በኩል ነው የመጡት?»

«በሱዳን።»

«በአውሮፕላን?»

ሊኖር አታውቅም። በእነሱ ቤት ይህ አይጠየቅም። የምታውቀው፣ ቤተሰቡ ወደ አሽዶድ የባሕር ዳርቻ ሲሄድ እማማ ይርገዱ ከመኪናው እንደማይወርዱ ነው። በበጋ ሙቀት እንኳ መስኮቱን ዘግተው ነው የሚቀመጡት።

«ከሱዳን ጠረፍ የእኛ ባሕር ኃይል ወደዚህ የሚመጡትን በማታ በዚህ እየጫነ ወደ መርከብ ያሻግር ነበር» አለ ኢላይ። «‹ለማንም እንዳትናገሩ› ተባሉ። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ አልተናገሩም።»

«ሊኖር፣ እሑድ ይህን ብታወሪ ክፍሉ ያብዳል» አለች ነታ። «ከዚያ ወዲያ ትርኢቱ ላይ የሮተምን አሮጌ ድስት ማን ዞር ብሎ ያየዋል?»

ኢላይ ከቦርሳው ጥቁር የጫማ ቀለም አውጥቶ ሰጣት። «ስንጥቁን በሙጫ፣ የተፋቀውን በዚህ። የአያትሽ ዓይን ደክሟል፣ አያውቁም።»

አውቶቡሱ ውስጥ ሊኖር በፎጣ የጠቀለለችውን ጀልባ ጭኗ ላይ አድርጋ የቀለሙን ቆርቆሮ ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። ብትቀባው ሁሉም ነገር እንደነበረ ይሆናል። ነገ ሀብቱ ስለ ጣና ያወራል፤ እንግዶቹም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ብትናገር ግን ምን እንደሚሆን ታውቃለች። አንድ ጊዜ አክስቷ ታፈሰች ስለ ሱዳን ጠይቃቸው፣ እማማ ይርገዱ ምግባቸውን ትተው ከአልጋ ገቡ፤ ሻባት እስኪወጣም አልተነሡም። ያኔ ቤቱ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ አልነበረም። ደግሞስ ዘንድሮ አባ አለነ የሉም፤ ማን ያነሳቸዋል?

ኪርያት ማላኺ ስትደርስ ቆርቆሮው እንደተዘጋ ነበር።

እማማ ይርገዱ ሳሎን ለብቻቸው ተቀምጠዋል። ፎጣውን ራሳቸው ፈቱት። አውራ ጣታቸው በጀልባው ሆድ ላይ በቀስታ ሄደና ቆመ።

«ጥቁሩ የታለ?»

«እኔ ነኝ እማማ። ፋቅሁት። አፍንጫውንም ሰነጠቅሁት።»

ቁጣ ጠበቀች። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ምን ብለሽ ፋቅሽው?»

«የደንገል ታንኳ መስሎኝ። ለትምህርት ቤት ትርኢት ቢጫ ይሆናል ብዬ።»

እማማ ይርገዱ በአፍንጫቸው ሳቅ የመሰለ ድምፅ አሰሙ። «የወገራ ደጋ ሰው ጣናን የት ያውቀዋል? ሀብቱ ነው እንዲህ ያለው። አያትሽም ‹ተይው፣ ይበል› አለኝ።»

ከዚያ ጣታቸውን ወደ ጀልባው ኋላ ወሰዱ፤ ጠፍጣፋው ግድግዳ ወዳለበት ጥግ። እዚያ ጥቁሩ ገና አልተፋቀም። ሊኖር የመኪናው የተዘጋ መስኮት ትዝ አላት። ጀልባውን ነጥቃ ልትጠቀልለው፣ ምንም እንዳልተባለ ልታደርገው ፈለገች።

«ያን ሌሊት እዚህ ነበርሁ» አሉ።

ከውጭ ኳስ ግድግዳ ላይ ይነጥራል።

«የምነግርሽን ለትምህርት ቤት ትጽፊዋለሽ?»

ሊኖር እሑድን አሰበች። የተደረደሩትን ጠረጴዛዎች፣ ምክንያት የማትቀበለውን መምህርቷን ሊሞርን፣ ባዶ ጠረጴዛ ኋላ መቆሙን። «የአንቺስ የት አለ?» ስትባል የምትመልሰው እንደማይኖራት አሰበች።

«አልጽፍም» አለች።

እማማ ይርገዱ ጀልባውን ጭናቸው ላይ አደላድለው አስቀመጡት።

«በሩን ዝጊው።»

ሊኖር ተነሣች። እጇን በሩ ላይ ስታሳርፍ ፍርሃቱ አብሯት እንዳለ ታወቃት። ወጥታ ልትዘጋውም ትችል ነበር። ከውስጥ ዘጋችውና ተመልሳ መጥታ ከጉልበታቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች።